የከተማችን ጋሻና የእኛ አርማ

(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ በዚህ መድረክ እንድናገር ስለጋበዘኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁኝ ሊቅ አይደለሁም። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የታሪክ ትምህርት የጀመርኩ፣ ሳልጨርስም በስደት የወጣሁ፣ አሁን በዚህች ከተማ ታክሲ እየነዳሁ ልጆቼን የማሳድግ ሰው ነኝ። ይሁን እንጂ ታክሲ ነጂ ሰው ሲጠብቅ ብዙ ጊዜ አለው፤ እኔም ያንን ጊዜ በንባብ ማሳለፍ ልማዴ ነው። ዛሬ የማቀርብላችሁ የዚያን ንባብ ፍሬ ነው። ዓመታቱን ሁሉ የምጠራው እዚህ አገር በሚቆጠርበት አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ እንድታውቁልኝ እለምናለሁ።

የምናገረው ስለ አርማ ነው። ምነው ስንት ችግር እያለ ስለ አርማ? የሚል ቢኖር አይፈረድበትም። ነገር ግን ማኅበራችን በ10 ዓመት ውስጥ ዕድር አቋቁሟል፣ ለልጆች የቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት ከፍቷል፣ ሰው ሲሞትብን አስከሬን ወደ አገር ልኳል፣ አዲስ የመጣውን እንግዳ ቤት እስኪያገኝ አስጠግቷል። አርማ ግን እስከ ዛሬ የለውም። በማኅተማችን ላይ ያለው ስማችን ብቻ ነው። የልጆቻችን የኳስ ቡድን ማልያ ደረቱ ባዶ ነው። ምክንያቱም ሁላችንም እናውቀዋለን። በ5ኛው ዓመት በዓላችን ላይ በመድረኩ የትኛው ሰንደቅ ዓላማ ይሰቀል፣ አንበሳ ያለበት፣ ኮከብ ያለበት ወይስ ልሙጡ፣ በሚል በተነሣው ክርክር ሦስት ቤተሰቦች ከቀረበው ምግብ ሳይቀምሱ ወጥተው ሄዱ። ከሦስቱ አንዱ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ ጉዳዩን ያነሣ ሰው የለም። አሁን ግን በሚመጣው ጠቅላላ ጉባኤ አጀንዳ ሆኖ ተይዟል። ስለሆነም ከመጨቃጨቃችን በፊት ሌሎች ሰዎች አርማቸውን እንዴት እንዳገኙት፣ እንዴትስ አብረውት እንደኖሩ ብናይ ይጠቅመናል ብዬ አሰብኩ።

አርማ ከየት መጣ?

በአውሮፓ የጋሻ አርማ የተጀመረው በ12ኛው መቶ ዓመት ገደማ ነው። በዚያን ዘመን ፈረሰኛው ተዋጊ ከራሱ እስከ እግሩ ብረት ይለብስ ነበር። ፊቱም በብረት ቆብ ይሸፈናል። ወዳጅን ከጠላት ለመለየት ስላስቸገረ እያንዳንዱ በጋሻው ላይ ምልክት ይቀባ ጀመር። ምልክቱም ከአባት ወደ ልጅ ተወረሰ። ቀጥሎም ከተሞች፣ ገዳማትና የሙያ ማኅበራት ምልክቱን በማኅተማቸው ላይ አስቀረጹት። ማንበብ የሚችል ሰው ጥቂት ስለነበረ ደብዳቤ የማን እንደሆነ የሚታወቀው በማኅተሙ ሥዕል ነበር።

ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። የእኛ አባቶች ጋሻ በብር ጌጥና በአንበሳ ጎፈር ሲያጌጥ የባለቤቱን ማዕረግ ይናገር ነበር። ከዚያም በላይ የፈረስ ስም ነበረን። አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ ሲባሉ፣ ያ ስም በጦር ሜዳ ላይ የሚሰማ አርማ ነበር ማለት ይቻላል። ፈረንጁ በዓይን የሚታይ ምልክት ሲያወጣ፣ የእኛ ሰው በጆሮ የሚሰማ ምልክት አወጣ። የሁለቱም ፍላጎት ግን አንድ ነው፤ ይኸውም በአቧራና በጩኸት መካከል፣ እኔ ማን ነኝ? ከማንስ ወገን ነኝ? የሚለውን መመለስ ነው።

የጋሻ አርማ ጥብቅ ደንብ አለው። ሁለት ዓይነት ቀለም አለ። ወርቅና ብር፣ ማለትም ቢጫና ነጭ፣ ማዕድናት ይባላሉ። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ጥቁር ደግሞ ቀለማት ናቸው። ቀለም በማዕድን ላይ ወይም ማዕድን በቀለም ላይ ይቀመጣል እንጂ ቀለም በቀለም ላይ፣ ማዕድንም በማዕድን ላይ አይቀመጥም። ምክንያቱ ተራ ነገር ነው፤ ከሩቅ እንዲታይ ነው። ይህን የሥራ ባልደረቦቼ ታክሲ ነጂዎች በደንብ ያውቁታል። የስዊድን የማስጠንቀቂያ ምልክት በቢጫ ላይ ቀይ ጠርዝ፣ የእግረኛ ማቋረጫው በሰማያዊና በነጭ የተሠራው በጨለማና በበረዶ ውስጥ እንድናየው ነው። የ800 ዓመቱ የፈረሰኛ ደንብ ዛሬም በመንገዳችን ዳር ቆሞ እያገለገለን ነው።

ሌላው ደንብ ለእኛ ከሁሉ የሚበልጥ ይመስለኛል። የጋሻ አርማ በመሠረቱ ሥዕል ሳይሆን ቃል ነው። ሕጋዊ የሚሆነው፣ በዚህ ቀለም ሜዳ ላይ ይህ ነገር በዚህ ቀለም ይቀመጣል ተብሎ በቃላት የተጻፈው መግለጫ ነው። ቃሉን የጠበቀ ማንኛውም ሠዓሊ በራሱ እጅ ሊሥለው ይችላል። አንዱ ቀጭን፣ ሌላው ወፍራም አድርጎ ቢሥለው አርማው ያው ነው። ወደዚህ በኋላ እመለስበታለሁ።

በስቶክሆልም ጋሻ ላይ ያለው ራስ

አሁን ወደ ራሳችን ከተማ እንምጣ። በሪንከቢም ሆነ በቴንስታ፣ በሼርሆልመንም ሆነ በሶደርማልም የሚኖር ሁሉ ከከተማው አስተዳደር ደብዳቤ ይደርሰዋል። ደብዳቤው ላይ፣ በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ፣ በከተማው መኪና ላይ አንድ ራስ አለ። ዘውድ የደፋ፣ ጸጉሩ እስከ አንገቱ የወረደ፣ በሰማያዊ ሜዳ ላይ በወርቅ ቀለም የተሣለ ነው። አንድ የ9 ዓመት ልጅ የቅዳሜ ትምህርት ላይ፣ ይሄ ኢየሱስ ነው እንዴ? ብሎ ጠይቆኛል። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ብዙ አዋቂ ሳይጠይቅ ያልፋልና።

ያ ራስ የቅዱስ ኤሪክ ነው። ኤሪክ በ12ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የስዊድን ንጉሥ ነበር። በትውፊት እንደሚነገረው በ1160 ዓ.ም. በግንቦት ወር፣ በዕርገት በዓል ቀን፣ በኡፕሳላ ቅዳሴ ሲያስቀድስ የዴንማርኩ መስፍን የማግኑስ ሄንሪክሰን ሠራዊት ደረሰበት። ጠላት መምጣቱ ሲነገረው ቅዳሴው እስኪያልቅ አልነሣም አለ ይባላል። ከዚያም ወጥቶ ተዋጋ፤ ወደቀ፤ አንገቱንም ተቀላ። ደሙ በፈሰሰበት ቦታ ምንጭ ፈለቀ የሚል ታሪክ አለ። የሮማ ጳጳሳት በሥርዓት ቅዱስ ብለው ባያውጁትም ሕዝቡ ግን ቅዱስ አደረገው፤ መታሰቢያውም ግንቦት 18 ቀን ሆነ። እኛ አገር ቢሆን በስሙ ጽዋ እንጠጣለት ነበር።

ታሪኩ በአፈ ታሪክ ብቻ የቀረ አይደለም። አፅሙ በኡፕሳላ ካቴድራል በተቀመጠበት ሳጥን እስከ ዛሬ አለ። በ2014 ዓ.ም. ሳጥኑ ተከፍቶ ሊቃውንት አፅሙን መረመሩት፤ ውጤቱም በ2016 ዓ.ም. ወጣ። ሰውየው ሲሞት ዕድሜው ከ35 እስከ 40 ዓመት ገደማ፣ ሰውነቱ ጠንካራ፣ ብዙ የወንዝና የሐይቅ ዓሣ የሚበላ ነበር። እግሮቹ ላይ የስለት ቁስል ተገኘ። የአንገቱም አጥንት ተቆርጧል። ደረቱና ክንዱ ላይ ቁስል አለመገኘቱ የብረት ልብስ ለብሶ እንደተዋጋ ያመለክታል። ትውፊቱ የተናገረውን አፅሙ አልካደም ማለት ነው። አያቶቻችን የነገሩንን ሁሉ ተረት ነው ብለን ቶሎ ለምንጥል ሰዎች ይህ ጥሩ ትምህርት ነው።

የሚገርመው ግን የስቶክሆልም ከተማ ኤሪክ በሕይወት ሳለ አለመኖሯ ነው። ስሟ በጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገኘው በ1252 ዓ.ም. ነው። በ1281 ዓ.ም. የሚታወቀው የመጀመሪያ ማኅተሟ ግንብ የሚያሳይ ነበር። የኤሪክ ራስ በማኅተሟ ላይ የሚታየው በ1376 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ኤሪክ ስቶክሆልምን አልቆረቆራትም፤ አልኖረባትም፤ አልሞተባትም። ከተማይቱ ናት የመረጠችው። ግንብ የትም ከተማ አለው፤ ማኅተሙ ላይ ግንብ ያለበት ከተማም ብዙ ነው። የሁሉንም ስዊድናዊ ልብ የሚነካ ሰው ራስ ግን ከሌላው ለየት ያደርጋታል።

በ16ኛው መቶ ዓመት ስዊድን የሉተርን እምነት ስትቀበል የቅዱሳን ክብረ በዓል ቀረ፤ ሥዕሎቻቸውም ቀስ በቀስ ከሕዝቡ ኑሮ ራቁ። ከተማይቱ ግን ኤሪክን አልጣለችም። በ1934 ዓ.ም. መንግሥት አርማውን በይፋ አጸደቀው። ሥዕሉን ያዘጋጀው ይንግቬ ቤርግ የተባለ ሠዓሊ ሲሆን፣ መነሻ ያደረገውም ሮስላግስ-ብሮ በሚባል የገጠር ቤተ ክርስቲያን የሚገኘውን የመካከለኛው ዘመን የእንጨት ሐውልት ነው። ዛሬ በስቶክሆልም ኦርቶዶክስም፣ ሙስሊምም፣ ሉተራንም፣ ካቶሊክም፣ እምነት የለኝም የሚልም ይኖራል። ሁሉም ልጁን ያ ራስ ወደተለጠፈበት ትምህርት ቤት ይልካል። ማንም ስገዱለት አላለውም። አርማው ከእምነት ተነሥቶ የሰፈር ሆነ፤ ከሰፈርም የሁሉም ሆነ።

ጎረቤቶቻችንና ሦስቱ ዘውዶች

በስዊድን 290 ኮሙኖች አሉ፤ በስቶክሆልም ዙሪያ ባለው ክፍለ አገር ብቻ 26። አብዛኞቹ የየራሳቸው አርማ አላቸው። ቦትሺርካ የምትኖሩ፣ በጋሻችሁ ላይ ያለው ቅዱስ ቦትቪድ ነው፤ የሰፈራችሁም ስም የቦትቪድ ቤተ ክርስቲያን ማለት ነው። ቦትቪድ እንግሊዝ አገር ሄዶ ክርስትናን ተቀብሎ የተመለሰ የዚህ አካባቢ ሰው ነበር። አንድ ባሪያ ገዝቶ ነጻ አውጥቶ ወደ አገሩ ሊያደርሰው ሲጓዝ፣ በተኛበት በዚያው ሰው እጅ በመጥረቢያ ተገደለ ይባላል። መጥረቢያውና ዓሣው የእርሱ ምልክቶች ናቸው። ሶደርቴልዬ የምትኖሩ ደግሞ በአርማችሁ ላይ ያለችው ቅድስት ራግንሂልድ ናት።

ወደ ደቡብ ብንወርድ ማልሞ የንስርና የአንበሳ ድብልቅ የሆነ አውሬ ራስ አላት። ይህን የሰጣት በ1437 ዓ.ም. የፖሜራንያው ኤሪክ የተባለ ንጉሥ ነው። አውሬው የእርሱ የትውልድ አገር፣ በባልቲክ ባሕር ደቡብ ዳር ያለችው የፖሜራንያ መሳፍንት ምልክት ነበር። ማልሞም በዚያን ጊዜ የዴንማርክ ነበረች። እንግዲህ ከባሕር ማዶ የመጣ ንጉሥ የአገሩን ምልክት ለዴንማርክ ከተማ ሰጠ፤ ከተማይቱ በኋላ ስዊድናዊ ሆነች፤ ምልክቱ ግን አብሯት ቀረ።

ሦስቱ ዘውዶችስ? የከተማው አዳራሽ 106 ሜትር የሚረዝም ግንብ ጫፍ ላይ በወርቅ የሚያበሩትን ሦስት ዘውዶች ቱሪስት ጭኜ ባለፍኩ ቁጥር እጠየቃለሁ። አዳራሹ የተመረቀው በ1923 ዓ.ም. ነው። ሦስቱን ዘውዶች በማኅተሙ ላይ በማዋል በሰፊው ያስታወቃቸው ከ1364 ዓ.ም. ጀምሮ የነገሠው አልብረክት ነው። እርሱም ከሜክለንቡርግ የመጣ ጀርመናዊ ነበር። በኋላ ዴንማርክ እኔም ዘውዶቹን እጠቀማለሁ በማለቷ ከ1563 እስከ 1570 ዓ.ም. ለተደረገው ጦርነት አንዱ ሰበብ ሆነዋል። በአርማ የተነሣ መጣላት የኢትዮጵያውያን ጠባይ ብቻ ነው ብላችሁ ያዘናችሁ ካላችሁ በዚህ ተጽናኑ፤ እኛ የተጣላነው ምግብ ሳንቀምስ በመውጣት ብቻ ነው።

በኮቡርግ የተከበረው ጥቁር ቅዱስ

ከስዊድን ወጣ ብዬ ስለ አንዲት የጀርመን ከተማ ልንገራችሁ። በባቫርያ ክፍለ አገር ሰሜን ኮቡርግ የምትባል ከተማ አለች። የዛሬው የስዊድን ንጉሥ እናት ልዕልት ሲቢላ ከዚያች ከተማ መሳፍንት ቤት የተወለዱ ሲሆኑ፣ ጋብቻቸውም በ1932 ዓ.ም. የተፈጸመው በዚያች ከተማ ነው። የኮቡርግ አርማ በወርቅ ሜዳ ላይ የአንድ ጥቁር አፍሪካዊ ራስ ነው። ይህን ስትሰሙ የቅኝ ግዛት ዘመን ንቀት ይመስላችሁ ይሆናል። ነገሩ ግን ሌላ ነው።

ራሱ የቅዱስ ሞሪስ ነው፤ ጀርመኖች ሞሪትዝ ይሉታል። በትውፊት ሞሪስ በላይኛው ግብፅ ከቴብስ የተመለመለ የሮማውያን ጦር አለቃ ነበር። በ3ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፣ ዛሬ ስዊዘርላንድ በምትባለው አገር፣ የንጉሠ ነገሥቱን ትእዛዝ አልቀበልም ብሎ ለእምነቱ ከጓደኞቹ ጋር ተሠዋ። በማግደቡርግ ካቴድራል ከ1240 እስከ 1250 ዓ.ም. ገደማ የተቀረጸው ሐውልቱ የብረት ልብስ የለበሰ ጥቁር ባላባት አድርጎ ያሳየዋል። ሙሉ ክብር ያለው ድንቅ ሥራ ነው። ኮቡርግም ሞሪስን የከተማዋ ጠባቂ ቅዱስ አድርጋ ራሱን በጋሻዋ ላይ አኖረች። በመንገዶቿ ላይ የውኃ መውረጃ ጉድጓድ ክዳን ሳይቀር የእርሱ ምስል አለበት።

ኮቡርግ በ1929 ዓ.ም. በጀርመን ከተሞች መካከል ናዚዎች በምክር ቤት ምርጫ አብላጫ ያገኙባት የመጀመሪያዋ ከተማ ሆነች። በ1934 ዓ.ም. የጥቁሩ ሰው ራስ ከአርማው ላይ እንዲወርድ ተደረገ። በምትኩ ሰይፍና የናዚዎቹ መስቀል ገባ። ስቶክሆልም የቅዱሷን ራስ ባጸደቀችበት በዚያው ዓመት ኮቡርግ የቅዱሷን ራስ ጣለች ማለት ነው። ናዚዎች ሲወድቁ በ1945 ዓ.ም. ሞሪስ ወደ ቦታው ተመለሰ። በ2020 ዓ.ም. ደግሞ ሥዕሉ፣ በተለይ የጆሮ ጉትቻውና የፊቱ አሣሣል፣ ጥቁሮችን የሚያሳንስ ነው፣ ይውረድ የሚል ፊርማ ተሰበሰበ። ሌሎች ደግሞ ናዚዎች ያወረዱትን እኛም እናውርደው ወይ? በማለት ተቃወሙ። በበኩሌ ሁለቱም ወገን ስለ እውነት የሚናገር ይመስለኛል። ሰውየውን ማክበርና ሥዕሉን ማረም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቀደም ብዬ አርማ ቃል ነው ያልኩት ለዚህ ነው፤ ቃሉን ሳይነኩ ሥዕሉን ማሻሻል ይቻላል።

አንበሳውና እኛ

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። የይሁዳ አንበሳ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት አርማ እንደነበረ ሁላችንም እናውቃለን። በአዲስ አበባ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው የአንበሳ ሐውልት በ1930 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በዓል ዋዜማ ተመረቀ። ኢጣልያኖች አገሪቱን ሲይዙ ሐውልቱን ነቅለው ሮም ወሰዱት። በ1938 ዓ.ም. ዘርዓይ ደረስ የተባለው ኤርትራዊ ወጣት በዚያች ከተማ በዚሁ ሐውልት ፊት ሰይፉን መዘዘ ተብሎ እስከ ዛሬ ይተረካል። ሐውልቱ ወደ አገሩ የተመለሰው በ1960ዎቹ ዓመታት ነው።

በዚችው በስቶክሆልምም የእኛ አገር ምልክት ቦታ አለው። ንጉሡ በ1924 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ሳሉ፣ በ1954 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሠ ነገሥት ሆነው ስዊድንን ጎብኝተዋል፤ የሴራፊም የተባለው የስዊድን ከፍተኛ ኒሻንም ባለቤት ነበሩ። በልማዱ ለዚያ ኒሻን ባለቤት ሁሉ አርማው በሰሌዳ ላይ ይሣላል፤ ሲሞትም ሰሌዳው በሪዳርሆልም ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደዚያ ብትሄዱ በመቶ የሚቆጠሩ ጋሻዎች ታያላችሁ።

በ1975 ዓ.ም. ደርግ የአንበሳውን ዘውድ አወለቀ፤ መስቀል ያለበትን ዘንግም ወደ ጦር ለወጠው። በ1987 ዓ.ም. ሌላ አርማ መጣ። በ1996 ዓ.ም. ደግሞ በሰማያዊ ክብ ላይ ያለው ኮከብ ገባ። አንበሳው ግን በሳንቲማችን ላይ ቀረ፤ በአንበሳ አውቶቡስ ላይ ቀረ፤ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ስም ቀረ። እንግዲህ ከመካከላችን አንዱ አንበሳውን ሲያይ ዐድዋን፣ የአገር ነጻነትንና የአያቱን ሜዳይ ያያል። ሌላው ያንኑ አንበሳ ሲያይ አባቱ የታሰሩበትን ወይም መሬታቸው የተወሰደበትን ዘመን ያያል። ኮከቡም እንዲሁ ነው፤ ለአንዱ የሕዝቦች እኩልነት፣ ለሌላው የተሰደደበት ሥርዓት ነው። አንዱን ውሸታም፣ ሌላውን እውነተኛ ማለት አይቻልም። ሁለቱም የሚናገሩት ያዩትን ነው። ሰንደቅ ዓላማን በተመለከተ እኛ 10 ዓመት ብንጨቃጨቅ የአገሪቱን ጉዳይ አንወስንም። የማኅበራችንን ጉዳይ ግን መወሰን እንችላለን፤ የእኛ ድርሻም ይኸው ብቻ ነው።

ምን እንማራለን?

ከዚህ ሁሉ ሦስት ነገር ተምሬአለሁ። አንደኛ፣ ከተማ አርማዋን ስትመርጥ ከሁሉ የበለጠ ኃያል የሆነውን ሳይሆን ሰው ሁሉ የሚያውቀውን መርጣለች። ሁለተኛ፣ አርማ ከሌላ ቦታ ቢመጣም በቆይታ የሰፈር ይሆናል፤ ማልሞንና ሦስቱን ዘውዶች ያስታውሷል። ሦስተኛ፣ በቃል መስማማት በሥዕል ከመስማማት ይቀድማል። እኛ ሁልጊዜ የምንጀምረው ከሥዕሉ ነው። አንዱ ሥዕል ይዞ ይመጣል፤ ሌላው ያጣጥለዋል፤ ነገሩ በዚያው ይቀራል።

ታዲያ በኮሚቴው ፈቃድ አንድ ሐሳብ ላቅርብ። በወርቅ ሜዳ ላይ ጥቁር ጀበና። ቃሉ ይኸው ነው፤ ሌላ ምንም የለበትም። ጥቁር ቀለም በወርቅ ላይ ስለሆነ ደንቡን ያሟላል። ከሩቅ የሚታይ ነው፤ ጀበናን ከሌላ ዕቃ ጋር የሚያምታታ የለም። በማልያ ላይም፣ በማኅተም ላይም፣ በባነር ላይም ያምራል።

አንዳንዶቻችሁ፣ ለማኅበር አርማ የቡና ዕቃ? ብላችሁ ፈገግ ስትሉ አያለሁ። ግን አስቡት። ቡና ከከፋ እስከ ሐረር፣ ከሲዳማ እስከ ጎንደር፣ ከወለጋ እስከ ትግራይ የማይፈላበት ቤት የለም። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ያፈላዋል። ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም፤ እስከ 19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ድረስ በብዙ የክርስቲያን አገር ቡና የሌላ ሃይማኖት መጠጥ ነው ተብሎ ይነቀፍ ነበር። በስዊድንም ከ1756 እስከ 1822 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ቡና 5 ጊዜ በሕግ ተከልክሎ ነበር። ዛሬ ስዊድናዊ ያለ ፊካ አይውልም፤ እኛም ያለ ቡና አንውልም። ሁለቱም አገር አንድ ቀን ያወገዘውን ነገር ዛሬ እንግዳ ይቀበልበታል። ሰውን የለያየ ነገር ሰውን እንደሚያገናኝ ከዚህ የበለጠ ምስክር አላውቅም። ደግሞም የተጣላ ሰው የሚታረቀው፣ ለቅሶ የሚደረሰው፣ የጎረቤት ወሬ የሚሰማው በጀበና ዙሪያ ነው። ማኅበራችንስ ከዚህ ውጪ ሌላ ምን ሥራ አለው?

ይህን ስል አንበሳ ይውደቅ፣ ኮከብ ይውደቅ ማለቴ አይደለም። እያንዳንዳችን በቤታችን የምንሰቅለውን ማንም አይወስንብንም። ጀበናም የሰንደቅ ዓላማን ቦታ አይወስድም፤ የማኅበሩ ምልክት ብቻ ነው። የተሻለ ሐሳብ ያለው ደግሞ ያምጣ። የምለምነው ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ በቃል ብቻ ይዞ እንዲመጣ ነው። ጉባኤው በቃሉ ላይ ድምፅ ይስጥ። ሥዕሉን እዚህ ለተወለዱት ልጆቻችን እንስጣቸው፤ እነርሱ ማልያውን የሚለብሱ ናቸውና። አንድ ማስጠንቀቂያም ልጨምር። የቅዱስ ኤሪክን ራስ ወይም ሦስቱን ዘውዶች እንጨምርበት የሚል ካለ፣ በ1970 ዓ.ም. የወጣ ሕግ የመንግሥትንና የተመዘገበ የኮሙን አርማን ያለ ፈቃድ ለንግድ ሥራ መጠቀምን ይከለክላል። እኛ ነጋዴ ባንሆንም የሰው ዕቃ ሳይጠይቁ አለመንካት ጨዋነት ነው።

በመጨረሻም አንድ ነገር አደራ እላለሁ። በ5ኛው ዓመት በዓል ቅር ብሎት የሄደው ቤተሰብ ያለበትን ሰፈር ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ጠቅላላ ጉባኤው ከመድረሱ በፊት ሁለት ሽማግሌዎች ሄደው፣ በዚህ ጊዜ የምንመካከረው ካንተም ጋር ነው ብለው ቢጠሩት እወዳለሁ። ትራንስፖርቱ በእኔ ታክሲ፣ ያለ ሒሳብ ነው። አርማው ጀበና ሆነ አልሆነ፣ እርሱ በሌለበት የመረጥነው ምልክት የሁላችንም ነው ለማለት አፋችን አይሞላም።

ከዚህ በላይ ጊዜያችሁን አልሻማም። ማኅበራችን 20ኛና 30ኛ ዓመቱን በሰላም ለማክበር ያብቃን።